ሠላሳ ስምንት ቁጥር ታኬታ

«ሠላሳ ስምንት ቁጥር የምታደርግ ማናት?»

ዛሬ በልጄ ትምህርት ቤት የሴቶች ኳስ ጨዋታ ላይ አንዷ ተጎድታ ስትወጣ አሰልጣኙ ተቀያሪዎቹን የጠየቃቸው ይህንን ነው።

ትምህርት ቤቱ ለስፖርት በጀት የለኝም ስላለ ወላጆች አዋጥተን የገዛነው ታኬታ አስራ አንድ ጥንድ ብቻ ነው። የምትገባዋ ልጅ የምትወጣዋን ጫማ ታደርጋለች። ችሎታ የሚታየው እንግዲህ ጫማው ልክ ከሆነ በኋላ ነው!

የኔዋ አርባ ቁጥር ነው የምታደርገው። ልምምድ ቀርታ አታውቅም፤ ዛሬም ተቀምጣ ዋለች።

ወደ ልደታ ኮንዶሚኒየም ስንመለስ መንገድ ላይ አለቀሰች። «አባዬ፣ ሐያት ስትወድቅ ባትነሳ ብዬ ተመኘሁ» አለችኝ።

ሐያት የልብ ጓደኛዋ ናት። ሜዳ ውስጥ አርባ ቁጥር የምታደርገው እሷ ብቻ ነበረች።

የእናንተ ልጆችስ ተቀያሪ ወንበር ላይ ሆነው ምን ይመኛሉ?