የበር ላይ ጥበቃ

ጠዋት ጠዋት ከጫማ ፋብሪካው በር ሲደርስ ካርዱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ምሰሶው ላይ ያለውን ሣጥን ያስነካዋል። ቀይዋ መብራት አረንጓዴ ትሆናለች፤ በሩ ይከፈታል። አራት ሰከንድ። ሳይፈልግ ይቆጥራል፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራው የሠራተኛውን ደቂቃ መቁጠር ነው።

ድሮ እዚህ በር ላይ ሁለት ደቂቃ ይፈጅበት ነበር። የበሩ ጥበቃ፣ አንድ ሽማግሌ፣ ከቆርቆሮ ጎጇቸው ብቅ ብለው "ሰዓቱ ደረሰ!" ብለው ይጮኻሉ። ሰዓቱ ቅጽል ስሙ ነው፤ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለውን የሩጫ ሰዓት አይተው ያወጡለት እሳቸው ናቸው። ከመንገድ ማዶ ያለ ሠራተኛ ግን የረፈደ መስሎት እግሬ አውጪኝ ይላል።

"ዛሬስ ማንን ልታሯሩጥ ነው?"

"እርስዎን፣ ጋሼ።"

"እኔንማ እርጅና ቀድሞህ እያሯሯጠኝ ነው።"

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ፣ ጫማ ከቆዳ መጋዘን እስከ መጫኛው የሚሄድበትን መንገድ በካርታ እንዲያወጣ አዘዙት። ሦስት ሳምንት ቆዳውን እግር በእግር ተከተለ፤ መቁረጫው ዘንድ ስንት ደቂቃ፣ ስፌቱ ዘንድ ስንት እያለ በማሸጊያ ወረቀት ላይ በእርሳስ አሰፈረ። ውጤቱ እሱንም አስደነገጠው። አንድ ጥንድ ጫማ ሰው እጅ ላይ የሚቆየው ሃምሳ ደቂቃ ነው፤ ከፋብሪካው የሚወጣው ግን በአሥራ አንደኛው ቀን። የቀረው ሁሉ ጥበቃ ነው፦ ሙጫ ጥበቃ፣ ፊርማ ጥበቃ። የተጫነው መኪና እንኳ የመውጫ ወረቀት ከቢሮ እስኪመጣለት በር ላይ አርባ ደቂቃ ይገተራል።

ካርታውን የሚያነብ የለም ብሎ በአንድ ገጽ አሳጠረው። ከመስመሮቹ አንዱ እንዲህ ይላል፦ "የበር ላይ ጥበቃ፤ ዋጋ አይጨምርም፤ ይወገድ።" አጭር መጻፍ ኩራቱ ነበር።

ገጹ ወደ አስተዳደር ክፍል ሄደ። በአሥረኛው ቀን ሽማግሌው በሩ ላይ አስቆሙት። "ሰዓቱ ደረሰ" አላሉም። የታጠፈ ደብዳቤ ዘረጉለት።

"መነጽሬን ረስቼ ነው፤ እስቲ አንብብልኝ።"

መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ነበር። አነበበላቸው። "በጥናት እንደተረጋገጠው የበር ላይ ጥበቃ ዋጋ የማይጨምር በመሆኑ…" የሚለው ላይ ሲደርስ ደብዳቤውን አጠፈው።

"ማነው እኔን ያጠናኝ?"

"ቢሮ ነው፣ ጋሼ። ስህተት ሳይሆን አይቀርም። እኔ እጠይቅልዎታለሁ።"

"እንኳን አንተ ኖርክልኝ፣ ልጄ።"

ሥራ አስኪያጁ ነገሩን ሲሰሙ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "መኪናው የሚጠብቀውን ማለትህ ነው? እኛ ደግሞ ሰውየውን መስሎን!" ከዚያ መሐረባቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። "እንግዲህ ፈርሜበታለሁ። ለበሩም ካርድ ታዟል። አንተም የክፍል ኃላፊ ልትሆን ነው፤ ገና ሳይሾም ጥናቱ ተሳሳተ እንዲሉህ ትፈልጋለህ?"

ዝም አይነቅዝም እንዲሉ፣ ዝም ብሎ ወጣ።

ይኸው ስምንት ወር ሆነ። ኃላፊ ሆኗል። በጥናት ቅጹ ላይ "ጥበቃ" የሚለውን ሰርዞ "የመቆያ ጊዜ" ብሎታል። መኪናው ግን አሁንም ወረቀቱ እስኪመጣለት በር ላይ አርባ ደቂቃ ይቆማል፤ ሾፌሩን የሚያጫውት ሰው ብቻ የለም።

ሽማግሌው ሰኞ ሰኞ በሻይ ዕረፍት ይደውላሉ።

"እህ፣ ሰዓቱ፣ ምን አሉህ?"

"እየጠበቅን ነው፣ ጋሼ።"

"ግድ የለም። መጠበቅ እንደሆነ ሥራዬ ነው።" ብለው ይስቃሉ።

ባለቤቱ አንድ ቀን ልብስ እያጣጠፈች፣ "እስከ መቼ ልትዋሻቸው ነው? ንገራቸውና ይርገሙህ፤ ቢያንስ ሌላ በር ይፈልጋሉ" አለችው። እውነቷን ነው። እሱም በልቡ ደጋግሞ ለክቶታል፦ "የጻፍኩት እኔ ነኝ" ለማለት ሁለት ሰከንድ ይበቃል።

ነገ ሰኞ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ስልኩ ይጠራል።