ሳል ሰምቶ የሚከፈት በር

በዚያ ሰፈር በር አይንኳኳም ነበር። የሚመጣ ሰው ደጅ ላይ ቆሞ ይስላል፣ የቤቱ ሰው ይከፍታል። በቃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰፈሩ በላይ ድንጋይ መፍጫው አለ። ወንዶቹ ሁሉ እዚያ ነው የሚሠሩት። ከሥራ ሲወጡ ከቅንድብ እስከ ጫማ ነጭ ሆነው ይወርዳሉ። ጣታቸው ድንጋይ ሲያነሳ ስለሚውል መገጣጠሚያው ተሰነጣጥቋል፣ በር መምታት ያማቸዋል። ስለዚህ ይስላሉ። ሚስት ከውስጥ ሆና "ማን ነው?" ካለች ነውር ነው። ባሏን በሳሉ ለይታ የማታውቅ ሴት ምኑን ሚስት ሆነች ይባላል።

እትዬ ክር ወደዚያ ሰፈር የመጣችው በትዳር ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ክር ከአፏ ስለማይጠፋ ነው እንዲህ ያሏት። ባሏ ግን "ስለቀጠንሽ ነው፤ እንዳትጠፊብኝ በመርፌ ልሰካሽ" ይላት ነበር። ሙሽራ ሳለች አንድ ቀን ሳል ሰምታ እየሮጠች ብትከፍት፣ ለካ የሚስለው ጎረቤትየው የራሱ ደጅ ላይ ቆሞ ነው። ሰፈሩ ሳቀባት። አማቷ ጎተት አድርገው አስቀመጧትና፣

"ስሚ ልጄ፣ የኔ ልጅ ሁለቴ ይስላል። ከዚያ ደረቱ ቀጭን ፉጨት አላት። መጨረሻ ላይ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ያዢው" አሏት።

ያዘችው። ኋላማ ገና ከመታጠፊያው ስትሰማው የእግር ውኃ ትጥድለት ነበር። ያን ሳል ትወደው ነበር። በደህና ገባ ማለት ነዋ።

ባሏ ከስቶ ከስቶ ሞተ። ብርድ መታው ተባለ። በዚያ ሰፈር ወንድ ሁሉ ብርድ ነው የሚገድለው፤ በጋም ይሁን ክረምት። አንድ ሬዲዮና አንድ ልጅ ትቶላት ሄደ። ልጁ አደገና በአባቱ ቦታ ድንጋይ መፍጫው ገባ። የመጀመሪያውን ሰሞን እንደ እንግዳ በክርኑ ነበር በሩን የሚገፋው። ከዚያ አንድ ቀን ደጅ ላይ ሁለቴ ሳለ፣ ደረቱ አፏጨ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

እትዬ ክር በደስታ አለቀሰች። "አባቱን! ቁርጥ አባቱን!"

ፊት ለፊት ያለችው ባለ ኪዮስኳም ሰምታ፣ "እሰይ! አሁን ሰው ሆነ። ሚስት ፈልጊለት እንጂ ምን ያስለቅስሻል?" አለቻት።

ሬዲዮኑ ከስፌት መኪናዋ በላይ መደርደሪያ ላይ ነው ያለው። ከሰዓት በኋላ የሳይንስና የጤና ፕሮግራም አለ፤ ሰፈሩ ሁሉ ይከፍተዋል። እትዬ ክር ከሴትየዋ ጋዜጠኛ ጋር ታወራለች። ጋዜጠኛዋ "ንብ መቁጠር ትችላለች" ስትል፣ "ተይ እንጂ!" ትላለች። የሩቅ አገር በረዶ ቀለጠ ሲባል፣ "አዬ ጉድ" ብላ እጅጌ መግጠሟን ትቀጥላለች።

ያን ቀን ጋዜጠኛዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አሁን አንድ ድምፅ እናሰማችኋለን" አለች። ከዚያ ዝም።

ሁለት ሳል። ቀጭን ፉጨት። ጉሮሮ መጥረግ።

እትዬ ክር ተነሳች። አላሰበችበትም፤ እግሯ ነው የተነሳው። ክሩን በአፏ እንደያዘች በሩን ከፈተችው።

ሰው የለም። ፀሐይና ነጭ አቧራ ብቻ።

ቀና ስትል የባለ ኪዮስኳ በር ተከፈተ። ከዚያ የቀጥሎው። ከዚያ የጥጓ ባልቴት በር ሲጢጥ አለ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ሴቶቹ እደጃፋቸው ቆመው ባዶውን መንገድ ያያሉ። ነፋስ ሲያልፍ እንኳ የሚጮኸው ውሻ ጭራውን ቆልፎ ግድግዳ ጥግ ገባ።

በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው ዳግመኛ የሳለው። አሁን ከጀርባቸው ነው፣ ከየቤታቸው ውስጥ፣ ከሁሉም ቤት እኩል። ደጅ ሲጠብቁት እሱ ለካ ገብቶ ተቀምጧል።

"የኔ ነው" አለች እትዬ ክር፣ ክሩ ከአፏ ወደቀ።

"ምን ያንቺ ነው? የኔ ነው እንጂ! ፉጨቱን አልሰማሽም?" አለች የቀጥሎዋ።

ባልቴቷ፣ "ዝም በሉ እናንተ። የኔን እኔ አውቀዋለሁ፣ በእጄ ነው የገነዝኩት" አሉ።

ባለ ኪዮስኳ ባሏ በሕይወት አለ። "የኔማ ሥራ ላይ ነው... ጠዋት ነው የወጣው" አለች፤ ድምፅዋ ግን እየቀጠነ ሄደ።

በየቤቱ ጋዜጠኛዋ ቀጠለች። ድምፁ የተቀዳው ሩቅ ከተማ፣ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ሰውየው ድንጋይ ሲፈጭ የኖረ ነው። ብርድ አይደለም አለች። የድንጋይ ብናኝ ነው፤ ሳንባ ገብቶ ይጋገራል፣ የገባው አይወጣም። ከአቧራው ቶሎ የራቀ ሰው ግን ዕድሜ ያገኛል። እንዲህ የሚስል ሰው ካላችሁ፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው።

ያ ሰው በዚህ ሰፈር አልፎ አያውቅም። ታዲያ እያንዳንዷ ባሏን እንዴት ሰማች?

እትዬ ክር ገባት። ሳሉ የባሏ አልነበረም፣ የማንም አልነበረም። የድንጋዩ ነው። ስንት ዘመን ድንጋዩ በሰው አፍ እየጠራ ደጅ ሲመጣ፣ በገዛ እጇ እየከፈተች አስገብታዋለች። የእግር ውኃ እያሞቀችለት።

ልጁ ሲመጣ ሳለ። ከፈተች። የሰማችውን ነገረችው። ሳቀባት፣ ሳቁም በሳል አለቀ።

"እማ ደግሞ! ሬዲዮ ምን የማይለው አለ? ንብ ትቆጥራለች አላለሽም?"

"ትቆጥራላ! አንተ ነህ መቁጠር ያቃተህ። እዚህ ሰፈር ስንት ሽማግሌ አለ? እስቲ አንድ ሽማግሌ ጥራልኝ።"

ልጁ ሊቆጥር አንድ ጣቱን ዘረጋ፣ መልሶ አጠፈው።

"መፍጫውን ትቼ ምን ልሁን? ቀሚስ ልስፋ?" አለ።

"ስፋ! ምን አለበት?"

"ሰው ይስቅብኛል እማ።"

"ይሳቅ! የሚስቅ ሰው ጤነኛ ነው። ስማኝ ልጄ፣ ከነገ ጀምሮ ሳል ሰምቼ አልከፍትም። ሐኪም ቤት ሄደህ ስትመጣ በእጅህ አንኳኳ።"

"እጄ ተሰነጣጥቋል እኮ።"

"ይሰንጠቅ።"

በማግስቱ ልጁ ሳይሰናበታት ወጣ። ወደ መፍጫው ይሁን ወደ ሐኪም አልነገራትም። ቀኑን ሙሉ አንድ እጅጌ መግጠም አቃታት። ሬዲዮኑን አልከፈተችም፤ እንዲያውም ባትሪውን አውጥታ መሳቢያ ውስጥ አኖረችው። መፍጫው ከላይ ያጓራል። እሱ እያጓራ ደግሞ ከዚያ የሚወርድ ሰው የለም፣ የሥራ መውጫ ሰዓት ገና ነው።

ደጅ ላይ ሁለቴ ሳለ።

ፉጨቷ መጣች። ጉሮሮ ተጠረገ።

እግሯ እንደ ልማዱ ሊነሳ ሲል የስፌት መኪናዋን ጠረጴዛ ጨምድዳ ያዘች። ሬዲዮኑን አየችው፣ ዝም ብሏል። በዕድሜዋ ብላው የማታውቀውን ቃል አለች።

"ማን ነው?"

ትንሽ ቆይቶ እንደገና ሳለ፣ አሁን ቀስ ብሎ። ባሏ እንቅልፍ ወስዷት ይሆናል ብሎ ሲያስብ እንደዚያ ነበር የሚስለው፣ እንዳትደነግጥ። እንባዋ መጣ።

"ናፍቀኸኛል" አለችው በሩን። "ግን አልከፍትም። ልጄን ይዘህብኝ አትሄድም። ሂድ፣ የኔ ጌታ።"

ዝም አለ። የመፍጫው ጩኸት ብቻ ቀረ። ለረጅም ጊዜ እንደዚያው ተቀመጠች፤ ተነስታ ብትሄድ ራሷን አታምነውም።

ከዚያ በሩ ተንኳኳ። ቀስ እያለ፣ እንዳልለመደ፣ እያንዳንዷ እንደሚያመው ሰው።

"እማ፣ እኔ ነኝ።"

ከፈተች። ልጁ የአባቱን ኮት ለብሶ ቆሟል። ነጭ አይደለም። ሥራ ከገባ ወዲህ በሥራ ቀን ሽፋሽፍቱ ጠቁሮ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። ጣቱ ላይ ከማንኳኳቱ ትንሽ ደም ወጥቷል።

"ታየህ?"

"ታየሁ። ጀምሮሃል አለኝ። ዳግመኛ እዚያ እንዳትወጣ አለ።"

"አንተስ ምን አልከው?"

መሬት መሬት እያየ፣ "እናቴ ቀሚስ መስፋት ታስተምረኛለች አልኩት" አለ።

እየሳቀች፣ እያለቀሰች ደረቱን ያዘችው። ከእጇ በታች ፉጨቷ አለች፤ ቀጭን ናት። ወደ ውስጥ ልታስገባው ስትል ቆም አለች።

"ቅድም ደጅ ላይ ስትስል የነበርከው አንተ ነህ?"

"የቱ ቅድም? አሁን መድረሴ ነው።"

እደጃፉ ላይ ነጭ ብናኝ አለ፣ ጫማ እንደቆመበት ያለ። የልጁ ጫማ ግን ንጹሕ ነው። በዚያ ሰፈር አቧራ የሌለበት ደጅ የት አለ ብላ ራሷን ልታጽናና ሞከረች።

ልጁን አስገባችው። ለእግር የሚሞቀውን የውኃ ጣሳ አንስታ ወጣችና ነጩ ብናኝ ላይ ደፋችው። ከዚያ በሩን ዘጋች።