የሐሙሱ ማሻሻያ

ወንድሟን በደንብ አውቀዋለሁ ብላ አፏን ሞልታ መናገር አትችልም። ቀን ቀን የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች ጠጋኝ መሆኑን ታውቃለች። ከሥራ መልስ ደግሞ ሊኑክስ የተባለውን፣ እንደ ዊንዶውስ ያለ የኮምፒውተር ሥርዓት አዘጋጅተው ለማንም በነፃ ከሚያድሉ ሰዎች ጋር ይሠራል፤ የእሱ ድርሻ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር፣ የሚያስነሳውን ፕሮግራም መጠበቅና ማደስ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ማን አዞት እንደሚሠራ ግን ጠይቃው አታውቅም።

እሷ መነጽር ቤት አላት። የሌንስ መቁረጫዋ ያረጀ ነው፤ የሚያዘውም ፕሮግራም በዛሬ ኮምፒውተር ላይ አልሠራም ካለ ቆይቷል። ከአምስት ዓመት በፊት ወንድሟ መጥቶ ሊኑክሱን ጫነላትና በኮምፒውተሯ ውስጥ፣ በሶፍትዌር ብቻ የቆመ ሌላ አሮጌ ኮምፒውተር ሠራላት፤ ፕሮግራሙ እዚያ ውስጥ እንደ ልቡ ይሠራል። ለኮምፒውተሯም «ያረገዘው» ብላ ስም አወጣችለት።

ሐሙስ ጠዋት ኮምፒውተሯ ላይ ማሻሻያ በራሱ ገባ፤ የውስጡ ኮምፒውተር አልነሣም አለ። አሥራ አንድ ሰው ሌንስ ይጠብቃል። አንዱ ሹፌር ነው፤ መነጽሩ ከተሰበረ ጀምሮ መሪ አልጨበጠም።

«ሰኞ ካልነዳሁ መኪናውን ለሌላ ሰው ይሰጡብኛል፣ እቴ» አላት። ቅዳሜ እንዲመለስ ነገረችው፤ በምን እንደምትደርስለት ግን አላወቀችም።

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሟ ቦርሳውን አንግቶ መጣ። ስክሪኑን አንዴ አየና ወንበር ሳበ።

«ያረገዘውን ምን ነካው?»

«ውስጡ ያለው የድሮ ማሽን ዓይነት ነው፣ እታለም። ከአዲሱ ዕትም እንዲወጣ ተደርጓል።»

«ማን አወጣው?»

«እኔ።»

ሳቋ መጣ። «ጎሽ የኔ ወንድም። ሰው ጠላት ፍለጋ ሩቅ ይሄዳል።»

እሱ አልሳቀም። በዚያ የማሽን ዓይነት ውስጥ ሰርጎ ገብ የሚሾልክበት ቀዳዳ ተገኝቶ ነበር፤ የሚደፍነው ሰው ግን ጠፋ። ከማውጣቱ በፊት ስድስት ወር ሙሉ በኢንተርኔት ማስታወቂያ ጠየቀ፦ የምትጠቀሙበት ካላችሁ አሳውቁኝ። አራት ሰዎች መለሱለት። አራቱንም አንድ በአንድ እየተጻጻፈ፣ ወደ ሌላ ዓይነት እስኪሻገሩ ጠበቃቸው። ይህን ሲነግራት ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነው።

የቀድሞውን ዕትም መለሰላት፤ በራሱ እንዳይታደስም ቆለፈው። ከዚያ የኢንተርኔቱን ገመድ ነቅሎ ጠቀለለና እጇ ላይ አስቀመጠው።

«ይሄን መልሰሽ እንዳትሰኪ። ቀዳዳው አሁንም አለ።»

መቁረጫው እያጓራ ተነሣ። ከሰዓት በፊት የሹፌሩ ሌንስ ወጣ። ሹፌሩ መነጽሩን አጥልቆ በሩ ላይ ቆመና ማዶ የቆመችውን መኪና ሰሌዳ ጮክ ብሎ አነበበ። አንድም አልሳተ። «እጅሽ ይባረክ» ብሎ ሄደ። የተባረከው እጅ የማን እንደሆነ ለማስረዳት አፏን ከፍታ ተወችው።

ወንድሟ ቦርሳውን እየዘጋ ነበር።

«እነዚያ አራቱ የት አገር ናቸው?»

«እንጃ። አንዳቸውንም በዓይኔ አላየሁም።»

«የእኔን ግን በገዛ እጅህ ነው የሠራኸው።»

«አዎ።»

«ታዲያ እኔን ለምን አልጠየቅኸኝም?»

የቦርሳው ዚፕ መሃል ላይ ቆመ። ወንድሟ ወደ መቁረጫው ዞረ፤ የሌንሱን ዱቄት በመዳፉ ጠረገና እጁን ሱሪው ላይ አበሰ።

«እሱን ጥያቄ እለፊኝ፣ እታለም» አለ።