አባቴ የካበው የወንዝ ዳር ካብ

አባቴ ወደ መካኒሳ ከመምጣቱ በፊት አሰብ ነበር፤ ወደቡን ከማዕበል የሚከልለውን የድንጋይ ክምር ባሕር ውስጥ ከሚከምሩትና በየጊዜው ከሚጠግኑት ሠራተኞች አንዱ። ቤታችን ወንዝ አፋፍ ላይ ስለነበር ያንኑ ሙያ እዚህ አመጣው። ትልልቁን ድንጋይ ከሥርና ከውጭ፣ ትንንሹን ከውስጥ አድርጎ፣ ያለ ጭቃ ያለ ሲሚንቶ ካበ። "ውሃን አትከለክይውም፣ ታደክሚዋለሽ እንጂ" ይለኝ ነበር። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፤ እሱ ካቡ ላይ እየተራመደ በተረከዙ ይመታና የሰመጠውን ይሞላል። እኔ ግን አፍርበት ነበር። ግንብ የሚባል ነገር አንዴ ተሠርቶ ያልቃል ብዬ ነዋ!

በደርግ ጊዜ የቀበሌው ወጣት ማኅበር አባል ነበርኩ፤ አፌ አያርፍም። ግንቦት ላይ ከበላይ አካል ጎብኚ ይመጣል ሲባል፣ ካቡ ሰፈሩን አስቀያሚ አድርጎታልና በሲሚንቶ ይለሰን የሚል ሐሳብ በስብሰባ ላይ ተነሳ። ማን አነሳው? እኔው! አባቴ ብድግ ብሎ፣ "ከቤቶቹ ጀርባ የሚወርደው የዝናብ ውሃ በድንጋዮቹ መሐል ነው ወደ ወንዝ የሚያልፈው። ከደፈናችሁት በየት ይውጣ?" አለ። "ጓድ፣ ይሄ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ነው" አልኩት። የገዛ አባቴን፣ ጓድ! ተጨበጨበልኝ። ሁሉም እጁን አወጣ። ካቡ ተለሰነ፣ ኖራ ተቀባ። አማረበትም፣ ምን ይደረግ።

ነሐሴ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ዘነበ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ግንቡ ሆዱ ተነፍቶ ወደ ወንዙ ተዘረገፈ፤ የጎረቤታችንን የባልቴቷን ቤት ይዞ። ውስጥ ነበሩ። እኔን በልጅነቴ አዝለው ያሳደጉኝ ሴት ናቸው። አባቴ ድንጋዩን በእጁ እየፈነቀለ አወጣቸው፤ ነፍሳቸው ግን አልነበረችም።

ከቀብሩ በሳምንቱ ለሂስና ግለ ሂስ ተጠራን። በዚያ ዘመን ጥፋት ያለ ጥፋተኛ አይታለፍም፤ አንዱ ተነስቶ "አጥፍቻለሁ" ማለት አለበት። የቀበሌው ሊቀመንበር "ለዚህ ተጠያቂው ማነው?" አሉ። እጁን ያወጣ ሁሉ አቀረቀረ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል፤ ያ የማያርፈው አፌ ተለጎመ። አባቴ ተነሳ።

"ከመጀመሪያው አበላሽቼ የካብኩት እኔ ነኝ። ልስኑ ጥፋት የለበትም።"

ሰው እፎይ አለ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ እፎይ አልኩ። እሱን ሁለት ወር ቀበሌ አሰሩት።

ሲፈታ ልብሱን እያጠብኩ፣ "አባዬ፣ ለምን?" አልኩት፤ እንባዬ አልቆም አለኝ።

"እኔ አርጅቻለሁ። አንቺ ገና ከነዚህ ሰዎች ጋር ትኖሪያለሽ" አለኝ።

ይኸው እኖራለሁ። እሱ ካረፈ ቆየ። ባለፈው፣ ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ "ያ ግንብ አበላሽቶ ሴትዮዋን የፈጀው ሰውዬ" እያሉ ለአጠገባቸው ሰው ሲያወሩ ደረስኩ። ንፍሮ ሰጥቻቸው አለፍኩ።