የንቦቹ ዛፍ

ከሶዶ በሚኒባስ እስከ ተበላ፣ ከተበላ ደግሞ በእግር እስከ ወንድሜ ደጅ መሄድ የብዙ ዓመት ልማዴ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ወር አላሳለፍኩም። የምሄደው ወንድሜን ለማየት ነበር። ሆኖም መንገዱ ታጥፎ ወደ ጅረቱ ሲወርድ ዓይኔ ቀድሞ የሚፈልገው የእናታችንን ዘንባባ ነው።

እናታችን ሰሌን ትሠራ ነበር። ገና ያልተዘረጋውን ለጋ ቅጠል ከመሃል ትመዘዋለች፣ በጥላ ታደርቀዋለች፣ በአውራ ጣቷ ጥፍር ትሰነጥቀዋለች። ያ ጥፍር ሁልጊዜ ከሌሎቹ ረዘም ያለ ነበር። የእኔ ደብተርና ዩኒፎርም የተገዛው በሰሌኑ ነው። በልጅነቴ የጅረቱ ዳርና ዳር በዘንባባ የጠቆረ ነበር። ከዚያ እርሻው እየገፋ መጣ፣ ሙዙም መጣ፣ ዘንባባውም እያለቀ ሄደ። በእኛ መሬት ላይ ሁለት ብቻ ቀሩ። የቀሩትም እናታችን አጠገባቸው ቁጭ ብላ ስለምትውል ነው።

አንዷ ታፈራለች። ፍሬዋ ሲበስል ብርቱካናማ ሆኖ ይንዠረገጋል። ትንሽ ነው፣ ይጣፍጣል፣ በውስጡ ጠንካራ ዘር አለው። እኔና ወንድሜ ዘሩን እየተፋን እንወራረድ ነበር። ሌላው ከእሷ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ የቆመ ነው። ያብባል እንጂ አያፈራም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የማያፈራውን የአበባ ዘለላ ጎትቼ ሰበርኩት። ነጭ ዱቄት ዩኒፎርሜ ላይ ፈሰሰ። እናቴ ከሰሌኗ ቀና ሳትል፣

«እሱን ተይው» አለችኝ። «የንቦቹ ነው።»

«ፍሬ እኮ የለውም።»

«ንቦቹን ጠይቂያቸው።»

ከዚያ በላይ አላለችም። በእኛ ቤት ነገር አይብራራም ነበር። ያን ዱቄት ከልብሴ ያራገፍኩት በትልቅ ብስጭት ነው።

ሁለተኛ ደረጃን ሶዶ ገብቼ ተማርኩ። ባዮሎጂ እወድ ነበር። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ አበባ ሳለ፤ ወንዴውም ሴቴውም አንድ አበባ ውስጥ ነበሩ። እኔም በደንብ ገልብጬ በቃሌ ያዝኩት፣ ፈተናውንም ሙሉ አገኘሁ። ከዚያ ቢሮ ተቀጥሬ እስከ ጡረታዬ ድረስ የሰው ደብዳቤ ስጽፍ ኖርኩ። ሰሌዳው ላይ ያለውን አበባ ቤታችን ደጅ ከቆመው ጋር አንድም ቀን አላገናኘሁትም።

እናታችን በእርጅና ሞተች። በእኛ ቆላ የለቅሶ ዳስ የሚለብሰው የዘንባባ ቅጠል ነው። ጥላው ቀዝቃዛ ነው፤ ለሟችም ክብር ነው። ሸራ ዘርግቶ ያስለቀሰ ሰው ልጅነቱ ያጠራጥራል ይባላል። ስለዚህ በማለዳ ጎረቤቶች ገጀራቸውን ይዘው ጅረቱ ዳር ቆሙና ወንድሜን ጠየቁት። ወንድሜ ደግሞ እኔን አየኝ። ታላቋ እኔ ነኝ፤ የተማርኩትም እኔ ነኝ።

«ኢሻ» አልኩት። ወንድሜ ሆይ ማለት ነው በቋንቋችን። «የምታፈራዋን አትንኩ። የማያፈራውን ቁረጡ።»

አንድ ሽማግሌ ራሱን እየነቀነቀ፣ «መማር ደግ ነው። እኛ ብንሆን በሐዘኑ መሃል ሁለቱንም እንጨርስ ነበር» አለ።

ከአንድ ሥር የወጡት ግንዶቹ ምሰሶ ሆኑ፣ ቅጠሉ ጣሪያ። ለቀስተኛው ቀኑን ሙሉ ሳይጨነቅ ተቀመጠ። እናታችን በጥሩ ጥላ ተለቀሰላት እያሉ አመሰገኑን። እኔም የእናቴን ዛፍ ያተረፍኩ መስሎኝ በሐዘኔ ውስጥ ትንሽ ተጽናናሁ። ወደ ሶዶ ልመለስ ስል ወንድሜ፣ «ጉቶውስ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ይነቀል። በቆሎ ዝራበት» አልኩት። ቆፍሮ አወጣው፣ የቀረውንም ሥር አቃጠለው። ታዛዥ ሰው ነበር።

ከዚያ በኋላ ወንድሜ ያችን የቀረችውን ዘንባባ እንደ ሰው ይንከባከባት ጀመር። ከሥሯ የሚያቆጠቁጡትን እየገነጠለ በጅረቱ ዳር ስድስት ቦታ ተከለ። ስድስቱም ጸደቁ። ዓመታት አልፈው ትልልቆቹ ማበብ ሲጀምሩ፣ «እናታችንን ሰባት አደረግኋት» ይለኝ ነበር። ፍሬው ግን አንሶ ነበር። ውስጡም ዘር የለውም። ወንድሜ ጥርሱ አልቆ ስለነበር ይህን እንደ ስጦታ ቆጠረው።

«አየሽ እትዬ፣ ለድዴ አዘነችልኝ።»

«ለእኔስ? የእኔ ጥርስ አለ።»

«አንቺ ቢሮ ነው ያኖረሽ። እኔን በቆሎ ነው የጨረሰኝ።»

በዚህ እየሳቅን ብዙ ዓመት በላነው።

ሦስት ዓመት ይሆነዋል፤ እኔ እዚያ በነበርኩበት ቀን አንዲት ወጣት ጅረቱን ተከትላ መጣች። የሶዶ ልጅ ናት፣ ዩኒቨርሲቲ ስለ ዘንባባ ታጠናለች። ትንንሽ ከረጢቶች ይዛለች። ከእያንዳንዱ ዘንባባ ጣት የምታክል ቅጠል ቆርጣ ከረጢት ውስጥ ትጨምርና ትጽፍበታለች። ወንድሜ ዱላውን ተደግፎ ይከተላት ነበር።

«ምነው ልጄ፣ ታመዋል እንዴ?»

«አይ አባባ፣ ዝምድናቸውን ለማወቅ ነው።»

«ታዲያ እኔን አትጠይቂኝም? ሁሉንም የተከልኩት እኔ ነኝ። እናትየዋ ያቻትና።»

ልጅቷ ሳቀች። ወንድሜ ደስ ብሎት ፍሬ አቀረበላት። አንድ በላች፣ ምላሷ አንድ ነገር እንደሚፈልግ አየሁ። ሌላውን በጥፍሯ ከፈተችው። ሦስተኛውንም።

«ዘር የላቸውም?»

«ድሮ ነበራቸው።»

«ከመቼ ወዲህ ነው የጠፋው?»

ወንድሜ ጥቂት አሰበና፣ «እናታችን ከሞተች ወዲህ» አለ። ዛፏ ያዘነች መስሎት ነበር እስከዚያች ቀን።

ልጅቷ ፍሬውን መዳፏ ላይ እንደያዘች ስለ ዘንባባ ነገረችን። ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ዛፍ ናቸው። ወንዱ አያፈራም፣ ዱቄት ብቻ ነው ያለው። ያ ዱቄት በነፋስና በነፍሳት ካልደረሳት ሴቷ ዘር አትይዝም። «እዚህ አካባቢ የማያፈራ ዘንባባ አልነበረም?» ብላ ጠየቀች።

እጄ ወደ ቀሚሴ ሄደ፤ የሚራገፍ ነገር ያለበት ይመስል።

«ነበር» አልኩ።

«ምን ሆነ?»

«ለለቅሶ ቆረጥነው» አለ ወንድሜ ቀደም ብሎ። ቆረጥነው ነው ያለው። ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ እስኪሞት ድረስ፣ እሷ ናት ያስቆረጠችው የሚል ቃል ከአፉ አልሰማሁም። ቢለው ይቀለኝ ነበር።

ከወራት በኋላ ልጅቷ ውጤቷን ይዛ ተመለሰች። ሰባቱ አንድ ናቸው አለችን። ዘመዳሞች ሳይሆኑ አንዲት ዛፍ፣ ሰባት ቦታ የቆመች። አንድ በሽታ ቢመጣ አንዷን የሚገድለው ሁሉንም ይገድላል። ከእኛ በታችም በላይም ባሉት ቀበሌዎች ዞራለች። በየደጁ አንዳንድ ዘንባባ አለ፤ ሁሉም ሴት ነው። ሰው ሁሉ እንደ እኔ አስቦ ኖሯል። የምታፈራዋን እያተረፈ፣ ለየለቅሶው የማያፈራውን እየቆረጠ። ጅረቱ ዳር ወንዱ ዘንባባ ያለቀው በክፉ ሰው እጅ አልነበረም። ይህን ስሰማ የብዙ ሰው ጥፋት ስለሆነ የእኔ ሊያንስልኝ ይገባ ነበር፤ አላነሰልኝም።

«መድኃኒት የለውም?» አለ ወንድሜ።

«በሃላሌ በኩል ወደ ኦሞ ሲወረድ ወንዶች አሉ። ሲያብቡ ዱቄቱን ላመጣ እችላለሁ። ግን አባባ፣ የዚህ የጥንቱ ዘር አይመለስም። ከሚወለደው ግማሹ የዚያ አገር ነው የሚሆነው።»

«ሚስቴም የዚያ አገር ናት» አለ። «ልጆቼን እስከ ዛሬ ግማሽ ናቸው ብሎ የመለሰብኝ ሰው የለም።»

ሚስቱ ከጓዳ ሆና፣ «ጥሩ ጥሩውን ከእኔ ነው የወሰዱት» አለች። ሳቅን። ያ የመጨረሻው የአራታችን ሳቅ ነው።

ልጅቷ ቃሏን ጠበቀች። ዱቄቱን በወረቀት ፖስታ አሽጋ አመጣች። ለመውጣት ወጣት ሞልቶ ነበር፤ ወንድሜ ግን መሰላል ካልያዛችሁልኝ አለ። ሁለት ሰው ደግፎት ወጣ፣ ያበቡትን ሁሉ እየዞረ በጥጥ አራገፈባቸው። ሲወርድ ኮሌታው ነጭ ነበር። አላራገፈውም። እኔም አላራገፍኩለትም።

ከዚያ በኋላ ስልክ መደወል አበዛ። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ፣ «ይዟል» ይለኝ ነበር። አንድ ፍሬ ቆርጦ እንዳየና ውስጡ ጠንከር ያለ ነገር እንዳገኘ ነገረኝ። ሲበስል ዘሩን የት የት እንደሚዘራ ቦታ መርጧል። የመጀመሪያው ያ እኔ ያስነቀልኩት ቦታ ነው። «በቆሎው ይበቃዋል» አለኝ።

ፍሬው ሳይበስል ወንድሜ ታመመ። ሳምባው ነበር። ከሁለት ሳምንት በላይ አልቆየም።

ጠዋት ስደርስ ጎረቤቶች ገጀራ ይዘው ከዘንባባዎቹ ሥር ቆመዋል። እንደ ደንቡ የእኔን ቃል እየጠበቁ ነው። ቀና ብዬ አየሁ። ዘለላው አረንጓዴ ሆኖ በየቅጠሉ መሃል ተንጠልጥሏል።

«አይቆረጥም» አልኩ።

«ከስድስቱ አንዱንስ?»

«ሁሉም ፍሬ ይዟል። አይቆረጥም።»

«ቅጠሉን ብቻ?»

ቅጠሉ ከተመለመለ ፍሬው በጸሐይ ይጠወልግ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ሳላውቅ ፈቅጄ አውቃለሁ። «ቅጠሉም ቢሆን» አልኳቸው።

ሸራ ተከራዩ። ወሩ የሙቀት ወር ነበር። ከሸራው ሥር አየር የለም፤ መዝሙር የሚያዘምሩት ሰዎች ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል። እህል ውኃ የቀመሰም ያልቀመሰም ከቀትር በፊት እየተነሳ ሄደ። በአንዳንድ ሰዓት ዳሱ ውስጥ የቤት ሰው ብቻ እንቀር ነበር። ሲወጡ የሚሉትን ሰምቻለሁ። የከተማዋ እህቱ ለወንድሟ ቅጠል ነፈገችው ይላሉ።

በሦስተኛው ቀን ሚስቱ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። አልጮኸችም።

«ለእናታችሁ ጥላ ነበራት» አለችኝ። «እሱ ነው የቆረጠላት፣ እሱ ነው የከደነላት። ለእሱ ሸራ?»

ዘሩን ይጠብቅ እንደነበር፣ ይህን የፈለገው እሱ እንደሆነ ልነግራት ነበር። ግን እሷም ታውቃለች። እሷም እስከ አሁን ከሰላምታ ያለፈ ነገር አታናግረኝም።

ፍሬው በሰለ። ሄጄ አንዱን ከፈትኩት። ዘሩ አለ። ቀጭን ነው፣ በአንድ ጎኑ ቦይ አለው፤ እኔና ወንድሜ እየተፋን የተወራረድንበት ያው ራሱ ነው። ፍሬውን መብላት አልሆነልኝም። ልጅቷም መጣች። ዘሩን ስታይ ፊቷ በራ፤ ወዲያው እኔን አየችና ፈገግታዋን ሰበሰበች።

«ከእነዚህ ወንዱ የቱ ነው?» አልኳት።

«ሲያብብ ነው የሚለየው እማማ።»

«መቼ?»

«ዓመታት ይፈጃል።»

ስንት እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ዘሩን ወንድሜ በመረጠው ቦታ፣ በበቆሎው ማሳ ጠርዝ ላይ በመስመር ዘራሁት። መሬቱን አሁን የሚያርሰው የወንድሜ ልጅ ነው። ሚስትና ልጆች አሉት፣ መሬቱም አይበቃውም። ይህችን ጠርዝ ተውልኝ አልኩት። «እሺ አክስቴ» አለኝ። ለሽማግሌ የሚባለውን እሺ አውቀዋለሁ።

በቅሏል። ሲበቅል ግን ዘንባባ አይመስልም። አንዲት ቀጥ ያለች ቅጠል ብቻ ናት፤ ከሳር የሚለያት ነገር የለም። አራሚዎች እንዳይነቅሉት ብዬ ያን መስመር የማርመው እኔ ሆኛለሁ። በወር ሁለት ጊዜ ከሶዶ እመጣለሁ፣ ማዳበሪያ ጆንያ አንጥፌ እንበረከካለሁ፣ መነጽሬን አደርጋለሁ። አንዷን ቅጠል ይዤ ብዙ እቆያለሁ። በጣቶቼ መሃል ልለያት እሞክራለሁ፤ ዘንባባ ጠንከር ይላል ብላኛለች ልጅቷ። ባለፈው ሳምንት የነቀልኩትን ክምር ይዤ ተነሳሁ። ጅረቱ ዳር ልጥለው ስል ቆምኩ። ከውስጡ የተወሰነው ጠንካራ ነበር። መልሼ ተቀመጥኩና አንድ በአንድ እያየሁ፣ የተጠራጠርኩትን ሁሉ መልሼ ተከልኩት።