የትምባሆው ዘመድ

ትምባሆ አብቃይ እያላችሁ ስታሙኝ የከረማችሁ ሁሉ፣ ነገሩን ከራሴ ስሙት። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ጽሕፈቴ እንደ እግሬ ያዘግማል። ቢሆንም የሆነውን እንደሆነ እጽፈዋለሁ።

መሬቴን ለልጄ ለቅቄ ደብረ ማርቆስ ዳር ከገባሁ ወዲህ ቁጭ ብሎ መብላት አልሆነልኝም። ባለቤቴም ካለፈች በኋላ ቤቱ በላኝ። ከሰፈራችን በላይ ባለ የምርምር ግቢ ችግኝ የሚያጠጣ ሰው ይፈለጋል ሲባል ሄጄ ተቀጠርኩ። ቤቱ በላስቲክ የተሸፈነ ነው፤ ውጭው ውርጭ ሲሆን ውስጡ እንደ ቆላ ይሞቃል። ቅጠለ ለስላሳ ተክል በየዕቃው ተተክሎ ተደርድሯል። ገና ሳየው ጠረጠርኩና ኃላፊዋን ይኼ ነገር ትምባሆ አይደለም ወይ አልኳት።

ኃላፊዋ የልጅ ልጄ የምትሆን ሴት ናት፣ ዶክተር ይሏታል። አልዋሸችኝም።

«ራሱ አይደለም፣ አባባ፤ ዘመዱ ነው» አለችኝ።

ምን ልታደርጉበት ነው ብላት ለጉንፋን ክትባት አለች። ለተራው ጉንፋን አይደለም፤ አልጋ ላይ ጥሎ ሳንባ ለሚይዘው፣ ኢንፍሉዌንዛ ለሚሉት። እዚህ ላይ ጆሮዬ ቆመ። ባለቤቴን የወሰደብኝ እሱ ነው። በብርዱ ወራት ሲጀምራት ሁላችንም «ጉንፋን ነው፣ ይለቃታል» አልን። ዝንጅብል አፈላንላት፣ ጋቢ ደራረብንላት። ሐኪም ቤት ስናደርሳት ትንፋሿ እንደ ወናፍ ይጮህ ነበር። አልተመለሰችም። ጉንፋን ሰው አይገድልም የሚል ካለ ይምጣና መቃብሯን ላሳየው።

ሥራቸው ቀስ እያለ ገባኝ። የሰው ገላ የበሽታውን ቫይረስ የሚለየው በቫይረሱ የላይኛው ሽፋን ነው። እነሱ ሽፋኑ እንዴት እንደሚሠራ ብቻ ለቅጠሉ ያስተምሩታል። ተክሉን ዘቅዝቀው ያንን ትምህርት የተሸከመ ባክቴሪያ ባለበት ውኃ ይነክሩታል፤ አየሩን በመሣሪያ ስበው ሲለቁት ውኃው ቅጠሉ ውስጥ ይሰርጋል። ከቀናት በኋላ ቅጠሉ ያንን ሽፋን ክብ ክብ አድርጎ ይሠራዋል። ቫይረስ ይመስላል እንጂ ሆዱ ባዶ ነው፤ ዘር የለውም፣ አይራባም፣ ማንንም አያሳምም። ጉንፋኑ ደግሞ በየዓመቱ መልኩን ስለሚለውጥ፣ ዶክተሯ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ተደፍታ የማይለወጠውን ቦታ ስትፈልግ ትውላለች፤ ያንን አጉልታ ልትሠራው ነው። እስካሁን የተወጉት አይጦች ብቻ ናቸው። ይኼንንም አልደበቀችኝም።

ወሬው ሚካኤል ማኅበር ደረሰ። ማኅበሩ ለኔ ዘመዴ ነው። ባለቤቴን የቀበሩልኝ፣ ተዝካሯን ቆመው ያበሉልኝ እነሱ ናቸው፤ እዚህ ከተማ ሌላ ሰው የለኝም። ጽዋው በየወሩ ከቤት ቤት ይዞራል፤ የተረከበው በሚመጣው ወር ይደግሳል። ተረኛው እኔ ነበርኩ። እንግዲህ ትምባሆ በእኛ ዘንድ የተረገመ ነው፤ የነካው ሰው ጽዋ ሊያነሳ ነው ተብሎ ሰፈሩ ታመሰ።

ልጅቱ ሰምታ አዘነች። ጎመን ነው ይበሏቸው አለችኝ፣ ካልሆነም ወደ ዘበኝነት ላዛውርዎት አለችኝ። ሁለቱንም እንቢ አልኩ። ጎመን እንዳልሆነ አውቃለሁ። ዘበኝነት ብገባ ደግሞ ጥፋተኛ ነበርኩ ማለቴ ነው።

በማኅበሩ ቀን ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ሙሴው፣ የማኅበሩን አለቃ እንዲያ ነው የምንለው፣ ጽዋውን ይዞ ቀረ። እኩያዬ ነው፤ ምላሱ እንደ ሳማ ይለበልባል። ወይ ሥራውን ተው፣ ወይ ጽዋው ይለፍህ አለኝ። እኔም እምቦሳ ሲሞትብን የምናደርገውን አስታወስኳቸው። ቆዳውን ገፈን ገለባ ጠቅጥቀን ላሟ ፊት እናቆመዋለን። ታሸተዋለች፣ ትልሰዋለች፣ ወተቷን ትለቃለች። እነዚህም የበሽታውን ባዶ ቆዳ ነው የሚያቆሙት፤ ገላ በሽታው የመጣ መስሎት መከላከያውን ያወጣል አልኳቸው።

«ላሟንማ አታለልናት» አለ ሙሴው። «አሁን ደግሞ እኛን ልታልበን ነው?»

ቤቱ በሳቅ ወደቀ። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቅሁ።

«ላሟ ተታለለች፤ ወተቱ ግን ወተት ነበር። ልጆችህን አላሳደግህበትም?»

የማኅበሩ ቄስ ሊያስታርቁን ፈልገው፣ ትምባሆ አለመሆኑን በሚካኤል ማልና ነገሩ ይብቃ አሉኝ።

«ዘመዱ ነው፣ አባ። እያወቅሁ ምንም አይደለም ብዬ አልምልም።»

ጽዋው በፊቴ አልፎ ከጎኔ ለተቀመጠው ተሰጠ።

በተከታዩ ወር ከሁሉም ቀድሜ ሄጄ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ውጣ ያለኝ የለም፤ እንጀራም ጠላም ግን አልቀረበልኝም። ሰው ሲበላ፣ ሲጫወት አየሁ፤ ሲነሱ አብሬ ተነሳሁ። ቀጥሎም ሄድኩ። ሙሴው ምን ልትሠራ ትመጣለህ ቢለኝ ተራዬን ልጠብቅ አልኩት። ጉልበቴን ከወንበር ማንሳት ሲያቅተኝ እንኳ አልቀረሁም። ጠዋት ጠዋት ግን ተክሌን አጠጣለሁ።

እንዲህ እያልን ድግሱ አንዲት ባልቴት ቤት ደረሰ። ሴትዮዋ ከማኅበሩ ሁሉ ድኻ ናት፤ ግን ቤቷ ለማኝ ሳይበላ አይመለስም። አስተናባሪው ሲያልፈኝ አየችና ማንቆርቆሪያውን ከእጁ ተቀበለችው። ከፊቴ ቆማ ጠላውን እስከ አፉ ሞላችልኝ።

«በሚካኤል ስም ቤቴ የገባ ጾሙን አይወጣም» አለች። «ትምባሆ ይትከል ጌሾ፣ እኔ ምን አገባኝ።»

ቄሱ ልክ ነሽ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። በእሳቸው እጅ የተቆረሰው ዳቦም ለኔ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ሙሴውን ማየት ጀመረ፤ የቤቱ ባለቤት ያበላችውን እንግዳ እሱ ቢያልፈው ድግሷን ማርከስ ነው። እሱም ጽዋውን ይዞ ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ።

«ሥራውን ትተሃል?» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አጠጥቼ ነው የመጣሁ።»

«አንተ ሽማግሌ፣ ፊትህን ማየት ሰለቸን» አለና ጽዋውን ሰጠኝ።

በእነዚሁ እጆቼ ተቀብዬ ቤቴ ወሰድኩት። ሴት ልጄ ከገጠር መጥታ ጠላውን ጠመቀች፣ ዳቦውን ጋገረች። ሁሉም መጡ። ሙሴው በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ፣ አሁንም ትምባሆ ትምባሆ ነው አለኝ። ነገ ና ላሳይህ አልኩት፤ አልሄድም አለ። አይሂድ። ክትባቱ እስኪደርስ እኔም ላልኖር እችላለሁ፤ ልጅቱ ገና ብዙ ይቀራል ትላለች። ሙሴው ከደረሰበት ግን ክንዱን ይዘርጋ፤ ተክሉን ማን እንዳጠጣው አይጠይቁትም።