ድልድዩ ላይ የተቀመጡት

የሺሃረግ የስፌት መኪናዋን የተከለችው ሰበታ ውስጥ፣ ከድሮው የድንጋይ ድልድይ አጠገብ በተከራየቻት በረንዳ ላይ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ያመጣት ባሏ ፋብሪካ ሲሠራ ቆይቶ ሞተባት። ጓዟን ጠቅልላ አገሯ ልትገባ ስትል "እዚሁ ከኛ ጋር ሁኚ" ብለው ያስቀሯት አዴ ገለቴ ናቸው። ከከተማው ዳር ቁራሽ መሬት ያላቸው፣ ቅቤ የሚሸጡ ባልቴት ነበሩ። ከገበያ ሲመለሱ በረንዳዋ ላይ አረፍ ይላሉ። እሳቸው በኦሮምኛ፣ እሷ በአማርኛ፣ ቃል ሲያጥራቸው እየተበዳደሩ ያወጋሉ።

በሁለት ሺህ ስምንት ኅዳር ግን ወጉ ሁሉ ማስተር ፕላኑ ሆነ። ከተማው ወደ አዲስ አበባ ሊጠቃለል ነው ተባለ።

"መሬቱን ወሰዱት እንበል" አሉ አዴ ገለቴ። "ከዚያ ፍርድ ቤቱም ቀበሌውም ቋንቋው ሲለወጥ፣ እኔ በማን አፍ ነው የምሟገተው?"

"እኔ አለሁልዎት አይደል? አስተረጉማለሁ።"

"አንቺማ ደግ ነሽ። ግን ሰው በተውሶ አፍ እስከ መቼ ይኖራል?"

ከዚያ ወዲያ ከተማው ድምፁን አጠፋ። ሱቆች ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዘጋሉ፤ ታክሲ ውስጥ ስልክ የሚያወራ ሰው እንኳ ዙሪያውን ያያል። አከራይዋ ኦቦ አብዶ "መኪናሽን ወደ ውስጥ አስገቢው፤ ይሄ ነገር አላማረኝም" ብለው መከሯት። አላስገባችም።

በገበያው ቀን ረፋድ ላይ ተማሪዎች መጥተው ድልድዩ ላይ ተቀመጡ። ድንጋይ አልያዙም። የጅማው መንገድ ተዘጋ፤ አይሱዙው፣ ሚኒባሱ ተደርድሮ ቆመ። ከተማሪዎቹ ኋላ እናቶች መጡ፤ አዴ ገለቴም ነጠላቸውን አጣፍተው መሀል አስፋልቱ ላይ ቁጭ አሉ።

ብዙ ሳይቆይ ወታደር የጫኑ መኪኖች ደረሱ። መኮንኑ በድምፅ ማጉያ "ተነሱ!" አለ በአማርኛ። የተቀመጡት በአንድ ድምፅ "አፋን ኬኛን ኑቲ ሂሚ!" አሉት፤ በቋንቋችን ንገረን ማለታቸው ነው። መኮንኑ ግራ ተጋብቶ ዞር ሲል የሺሃረግን አያት።

"አንቺ! ኦሮምኛ ትችያለሽ?"

"ትንሽ..."

"አሁኑኑ ካልተነሱ ይተኮሳል በያቸው።"

ወደ ድልድዩ ሄደች። "ከኣ! ኒ ዱካሱ!" አለች፤ ተነሱ፣ ሊተኩሱ ነው። ከዚያ እያለቀሰች አዴ ገለቴን በአማርኛ ለመነች። "እማማ፣ እባክዎ ይነሱ፤ እግርዎ ላይ ልውደቅ።"

አዴ ገለቴ ቀና ብለው አዩዋት። "ሰምተናል በይው። የሰማነው ግን ካንቺ ነው። እሱ በቋንቋችን ይንገረን፤ ያኔ እንነሳለን።"

ተመልሳ አንዲት ቃል ሳታስቀር ለመኮንኑ ነገረችው። "ዞር በይ!" አላት። አስለቃሽ ጭስ ወዲያው ተተኮሰ፤ ጥይቱ ተከተለ። ድልድዩ ባዶ ሲሆን አንድ ተማሪ ከግንቡ ሥር ተጋድሞ ቀረ። የየሺሃረግ ደንበኛ የወርቅቱ ልጅ ነበር። ወታደሮቹ አዴ ገለቴን እጃቸውን ጠምዝዘው መኪና ላይ ጫኗቸው።

ጥር ላይ ፕላኑ ተሰረዘ ተባለ። የሺሃረግ በረንዳ ላይ ግን ጨርቅ ይዞ የሚመጣ ጠፋ። "የወታደሩ አፍ" የሚል ስም ወጥቶላት ነበር። አመሻሽ ላይ ከየት እንደተወረወረ የማይታወቅ ድንጋይ ቆርቆሮዋ ላይ ይወድቃል።

አዴ ገለቴ የተፈቱት ከፋሲካ በኋላ ነው። ክንዳቸው ተሰብሮ ጠማማ ገጥሟል። በገበያ ቀን በረንዳው ላይ ቆመው ሰው ሁሉ እየሰማ በኦሮምኛ ተናገሩ፦ "ይህቺ ልጅ ትእዛዙን ያመጣችልን እያለቀሰች ነው። የኛን መልስ አፈሙዝ ፊት ቆማ ያደረሰችውም እሷ ናት። ድንጋይ የምትወረውሩ፣ መጀመሪያ እኔን ምቱ!"

ድንጋዩ ቆመ፤ ጥቂት ደንበኞችም ተመለሱ። ልጇ የሞተባት ወርቅቱ ግን በዚያ ስታልፍ ፊቷን አዙራ መንገድ ትሻገራለች። የሺሃረግም አትቀየማትም፤ አንገቷን ደፍታ እስክታልፍ ትጠብቃለች።

ክረምቱ ሲወጣ ከወደ አዲስ አበባ የወታደር መኪኖቹ እንደገና እየመጡ ነው ተባለ። ያን ዕለት የሺሃረግ ደግሞ አስተርጉሚ እንዳይሏት የያዘችውን ቀሚስ ሳትጨርስ ዘግታ አዴ ገለቴ ቤት ገባች። በሩን ቀርቅረው፣ በየትኛውም ቋንቋ ሳይነጋገሩ፣ ጎን ለጎን ተቀመጡ።